ቀንድ የሌለው ግንባር

ገላንን አልፎ ነው፣ አስፋልቱ ሲሰንፍ፣
ጥቁሩ አፈር ደፍሮ መንገዱን ሲያሸንፍ፤
አሥራ ሁለት ቆርቆሮ፣ አንድ የተጣመመ በር፣
ብየዳ ቤቴ ነው።
ክረምት ነበር።

ልዑልሰገድ መጣ በአሮጌ ላንድክሩዘር፤
"ፊቱን አስፈሪ አርግልኝ፣ እንደ ኮርማ ግንባር፣
ቀንድ ቢጤ አብቅልበት፣ መንገድ የሚያስለቅቅ ነገር።"
ዊንቹን ከነካርቶኑ በኋላ ወንበር ጭኖ፣
መንጠቆው ቀይ ቀለም፣ እንደ ከንፈር ሆኖ፣
ካቦው አዲስ፣ ጭቃ ያልነካካው፤
"መሀል ይሁን" አለኝ፣ "ሰው ሁሉ እንዲያየው።"

ቶለሺ ሳቀች ይሄኔ። ረዳቴ ናት፣ የዱከም ልጅ፣
መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ፍሌክስ በእጅ።
"ጋሼ፣ ግንባር እኮ ለማስፈራራት አይደለም፤
ሸክም ካልቻለበት ከቆብ አይሻልም።"

አባቴም፣ ነፍሱን ይማርና፣ ጣልያን ጋራዥ ያደገው፣
"ፓራውልት የሚለካው ሲገጭ አይደለም፣ ሲጎተት ነው"
ይል ነበር። ሲሰክር ይዋሻል፤ ብረት ላይ ግን አይዋሽም።

ሠራነው በእኛ መላ። ስድስት ሚሊ ላሜራ፣
ከሻንሲው አጥንት ጋር በስምንት ቡሎን ታስራ፤
የታች ጉንጮቹን ቆርጠን ወደ ላይ አሸሸን፣
ዳገት ሲያይ አፍንጫው አፈር እንዳይልስብን።
ከራዲያተሩ ፊት መስኮት ተውንለት፤
ሞተርም እንደ ሰው ይነድዳል ሲያፍኑት።
ስፌቱን ሁለቴ በየድን፤ ቶለሺ በመዶሻ መታች፣
እንደ ሐኪም ጆሮዋን ለጥፋ ድምፁን ሰማች።

ልዑልሰገድ ከፈለ፣ ትንሽ ቅር እያለው፤
"ቀንድ የለውም" አለ።
"የለውም" አልነው።

ነሐሴ አጋማሽ፣ ሌሊት። ስልክ ጮኸ ከራስጌ።
"ከቱሉ ዲምቱ ጀርባ፣ ከቦታዬ ግርጌ፣
እስከ በሩ ሰመጥኩ። ዊንቹ ይሠራል፣ መብራቱም፤
የማስርበት አጣሁ።"
"ባህር ዛፎቹስ?"
ዝም።
ቆይቶ፣ ድምፁ ዝናብ ጠጥቶ፣ "ባለፈው በጋ" አለኝ፣
"ቆረጥኳቸው፤ ነጋዴው ገንዘቡን ሲያሳየኝ።"

ደረስን በእግራችን፣ ዶማና አካፋ ይዘን፤
ሜዳው ራቁቱን ነው፣ ጉቶ እንኳ የለው ለዓይን።
ቶለሺ ዞር ዞር አለች። "ትርፍ ጎማውን አውርዱ።"
"ጎማ ምን ያደርጋል?"
"ይቀበራል። ዶማ ያዙና ውረዱ።"

እስከ ወገብ ቆፈርን። ጥቁር አፈር፣ እንደ ሊጥ፣
አንድ አካፋ ስታወጣ ሁለት ወደ ውስጥ ይሰምጥ።
ልዑልሰገድ በሱፉ፣ ጉልበቱ እስኪጠልቅ ቆፈረ፤
ጎማው በሰንሰለት ታስሮ፣ በቁሙ ተቀበረ።
አፈር እያለበስን ረገጥን፣ ረገጥን፣
እንደ ለቀስተኛ አፋችንን ዘግተን።

ቁልፉን ተጫነ።
ዊንቹ አቃሰተ፣ ካቦው እንደ ደም ሥር ተገተረ፣
የሠራነው ግንባር ሲር አለ፤ አልተሰበረ።
ቶለሺ ከንፈሯን ነክሳ ብየዳዋን ታዳምጣለች፤
መኪናዋ ከጭቃው፣ እንደ ጥጃ፣ በአፍንጫዋ ተወለደች።

ሲነጋ ጎማውን ልናወጣ ሞከርን፤ አፈሩ አልሰጠንም።
"ተዉት" አለ ልዑልሰገድ፣ "ሌላም ሰው ይገባበታል፣ ክረምት አያልቅም።"
ዛሬም እዚያው ነው። ከሣሩ መሀል፣ አንዲት የሰንሰለት ቀለበት
ዝገቷን ለብሳ ትታያለች፣ ለሚያውቃት።

የመንጠቆው ቀለም አሁን ተልጦ፣ ብረቱ ወጣ።
ባለፈው ሳምንት ካቦውን ሊያስቀይር መጣ፤
ስለ ቀንድ አላነሳም። ከኋላ ወንበር፣ ካርቶኑ በነበረበት፣
ችግኝ ደርድሮበታል፣ ጭቃው ያልደረቀበት።

"ስንት ዓመት ይፈጃል" አለችው ቶለሺ፣ "ይሄ መኪና እስኪይዝ?"
"ስምንት።"
"እንግዲህ እስከዚያ፣ ጎማው አለ።"